ማጭድሽን ይዘሽ ነይ

እህቴ፣ በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ የምንጽፈውን ሰዎች ለዶክትሬትሽ ልታጠኚ እንደመጣሽ ነግረውናል። ቡናው ይፈላል፤ እስኪቀዳ ግን የሆዴን ልንገርሽ።

ካንቺ በፊት አንዱ መጥቶ ነበር። አርባ ጥያቄ ላከልን፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ስለ አማርኛ ጸሐፊዎች! አንዱ ጥያቄ «ያለ ክፍያ የምትሠራው ለምንድን ነው?» ይላል። ደቦ ወጥቶ ጤፍ የሚያጭድን ገበሬ ደብተር ይዘሽ ከማሳው ዳር ቆመሽ እንዲህ ብትጠይቂው፣ መልሱ ማጭድ ማቀበል ነው። እኔ ሞኙ ግን ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ሞላሁለት። ውጤቱን እልካለሁ ብሎ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ።

እሱስ ቢያንስ ጠይቆናል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን ሳይጠይቁ ሆን ብለው ስሕተት የሸሸጉበትን ኮድ ለሊነክስ ከርነል ጠባቂዎች እየላኩ፣ ይነቁብን ይሆን ብለው ፈተኗቸው። የዩኒቨርሲቲያቸው የሥነ ምግባር ቦርድም ይህ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት አይደለም ብሎ አሳለፈላቸው። ኮዱን እያነበበ የሚደክመው ታዲያ ማን ነው፣ ግዑዝ? (ከጠባቂዎቹ ብዙዎቹ ደሞዝተኞች መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ደሞዝ የሚበላም ይታለላል።) ከጠባቂዎቹ አንዱ ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን በኤፕሪል 2021 እ.ኤ.አ. በሩን ዘጋባቸው። አበጀ!

ትምህርት ሆነ ስንል ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. የዙሪክ ዩኒቨርሲቲው ጉድ ተሰማ። ሬዲት ላይ ሰዎች ሐሳባቸውን ለክርክር በሚያቀርቡበት መድረክ፣ ተመራማሪዎቹ ለወራት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፉ የውሸት ሰዎችን አሰማርተው ነበር። ተደፍሬ አውቃለሁ ብሎ የጻፈም ነበረበት። ያንን ቤት ያለ ሳንቲም የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች የሰሙት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ ምሰሶ መነቅነቅ ምን ይሉታል?

እኛ ጋ ምሰሶውም ቀጭን ነው። እንግሊዝኛው ከ7 ሚሊዮን በላይ መጣጥፍ ሲኖረው የኛ 15 ሺህ ገደማ ነው። ሌሊታችንን ምን እንደሚበላው ልንገርሽ፦ ፊደል። አንዱ «ዓለም» ይጽፋል፣ ሌላው «አለም»፤ አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»። ባልተገጣጠመ ፊደል የፈለገ አንባቢ ጽሑፉ የለም ብሎ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንዱን አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚመራ ገጽ እንሠራለን፣ ደግመን እንሠራለን። በዓመተ ምሕረቱ ደግሞ፣ በኛ ነው በፈረንጅ እያልን የተኳረፍንበትን ጊዜ አልቆጥርልሽም። ከአርባው ጥያቄ ይህን የነካ አንድም አልነበረም።

መጠይቁ ሌላም ጉድለት ነበረበት። መጠይቅ የሚሞላልሽ የቀረው ሰው ነው። የጻፈው ያለ ምክንያት ተሰርዞበት ተቀይሞ የሄደው አይሞላልሽም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው። እሱን ፈልጊልን። ስታገኚው የሚልሽንም ለኛው በአማርኛ አምጪልን፣ ብንወቀስም።

እሁድ ከሰዓት ስለ ጮቄ ተራራ የጀመርነውን መጣጥፍ እንቀጥላለን። የግዕዝ ኪቦርድ ጭነሽ ነይ፤ ምንጭ ፍለጋው ያንቺ ነው።