እንግሊዝኛ በፊልም? አዎን፤ ልጁን ብቻውን በመተው ግን አይደለም



በየቤታችን አንድ አነጋገር ተለምዷል። «ልጁ ቀኑን ሙሉ የአሜሪካ ፊልም ያያል፤ እንግሊዝኛውን ከዚያው ይለምደዋል» እንባባላለን። ጎረቤት ይለዋል፣ ዘመድ ይለዋል፣ አንዳንዴ መምህሩም ይለዋል። እኔም ብዬዋለሁ። ይህ አነጋገር ልጆቻችንን እየጎዳ ስለሆነ ዛሬ በግልጽ ልቃወመው ተነሥቻለሁ።

የራሴ ልጅ አንድ የበጋ ዕረፍት ሙሉ ከፊልም ፊት ሳይነሣ ከረመ። የተዋናዮቹን አነጋገር እየቀዳ ሲናገር ደስ አለን፤ እንግዳ ሲመጣም «እስቲ ተናገርላቸው» እያልን አስጨበጨብንለት። ትምህርት ሲከፈት መምህርቷ አንዲት ገጽ ሰጥታ «አንብብ» ብትለው አንድ መስመር መዝለቅ አቃተው። በአፉ የሚያውቀውን ቃል በዓይኑ አላወቀውም።

ለምን እንዲህ ሆነ? በእስራኤል ቴሌቪዥን ለትንንሽ ልጆች የሚቀርበው የውጭ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ በዕብራይስጥ ተተክቶ ነው። ለትልልቆቹ የሚቀርበው ደግሞ ድምፁ እንግሊዝኛ ቢሆንም ከታች የሚጻፈው ዕብራይስጥ ነው። የልጁ ዓይን ዕብራይስጡን ሲከተል ጆሮው እንግሊዝኛውን ያሳልፈዋል። ለዕብራይስጥ ንባቡ ይጠቅመው ይሆናል፤ ይህን አልክድም። እንግሊዝኛ ተማረ ማለት ግን ራስን ማታለል ነው።

«ዕብራይስጡንስ ከመንገድ አይደለም ወይ የለመዱት?» የሚል ይኖራል። ዕብራይስጥ በአውቶቡስ፣ በሱቅ፣ በትምህርት ቤት ግቢ ይከባቸዋል፤ ልጁ ባይናገረው ኳስ የሚያቀብለው የለም። እንግሊዝኛ ግን ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እንግሊዝኛ በባግሩት ግዴታ ነው፤ በ3፣ በ4 ወይም በ5 የሂዶት ይወሰዳል። የፕሲኮሜትሪ ፈተና ካሉት ሦስት ክፍሎች አንዱ እንግሊዝኛ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪም ደረጃው ካልበቃ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ኮርስ ይጠብቀዋል። ገንዘብ ያለው ወላጅ ለልጁ የግል አስተማሪ ይቀጥራል። ለእኛ ልጅ ግን «ፊልም ይይ» ይባላል። ይህ ምክር ይመስላል እንጂ ልጁን ያለ አስተማሪ መተው ነው።

ታዲያ ቴሌቪዥኑን እንስበረው? አይደለም። ሥራ ከተጨመረበት ፊልም ትልቅ ሀብት ነው፤ ለዚህም የሚረዱ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች አሉ። ላንጉዌጅ ሪአክተር የተባለው በክሮም ላይ ተጭኖ ከኔትፍሊክስና ከዩቲዩብ ጋር ይሠራል፤ መሠረታዊ አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ነው። ከፊልሙ ሥር እንግሊዝኛውንና ትርጉሙን አብሮ ያወጣል። ልጁ አንድ ቃል ሲነካ ፍቺው ይታየዋል፤ ያልገባውን ዓረፍተ ነገርም ማስደገም ይችላል። አንኪ የተባለው ደግሞ የተጻፈለትን ቃል በካርድ መልክ ይዞ እየቆየ ይጠይቃል፤ ልጁ ያወቀውን ቃል ያዘገያል፣ የሳተውን ቶሎ ይመልስበታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ጥቅሙን በምሳሌ ላስረዳ። «ጊቭ» መስጠት ነው፤ «አፕ» ወደ ላይ ነው። «ጊቭ አፕ» ሲባል ግን ተስፋ መቁረጥ ይሆናል። የተሸነፈውን ሰው ፊት እያየ ይህን የሰማ ልጅ በቀላሉ አይረሳውም። ይህ የፊልም ጥቅም ነው። «ናይት» የሚለው ድምፅ ደግሞ ሌሊትም ነው፣ የጥንት ፈረሰኛ ጦረኛም ነው፤ አጻጻፋቸው ግን ይለያያል። ይህን ልዩነት ጆሮ አያገኘውም፤ እንግሊዝኛው ተጽፎ በዓይን መታየት አለበት።

«እኛ እንግሊዝኛ አናውቅም፤ ምን ልናግዝ እንችላለን?» ትሉ ይሆናል። በቤታችን የሠራንበትን ልንገራችሁ። ከሰንበት በቀር በየማታው 10 ደቂቃ ፊልም ብቻ ያያል፤ የታችኛው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው። 6 ቃላት መርጦ በደብተር በሦስት ረድፍ ይጽፋል፦ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ አማርኛ። እናቱ እንግሊዝኛውን አታነብም፤ ነገር ግን ሁለቱን ረድፍ በእጇ ሸፍና «ይህ ምን ማለት ነው? በአማርኛ አስረዳኝ» ትለዋለች። ማስረዳት ካቃተው ቃሉን ገና አላወቀውም ማለት ነው። እርሷ ጠያቂ ሆነች፤ እርሱም አማርኛውን አልጣለም።

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁም አትናቁት። እዚያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ ታላቅ ወንድም፣ አነጋገሩ እንደ ፊልሙ ባይሆንም፣ ታናሹ የማያውቀውን አጻጻፍ ሊያውቅ ይችላል። ለምን አብሮት አይቀመጥም?

ከሻጮችም ተጠንቀቁ። ስልክ ደውለው «ልጅዎ በጥቂት ወር እንግሊዝኛ ይናገራል» እያሉ በብዙ ታሽሉሚም የሚያስፈርሙ አሉ። ከላይ የጠቀስኩት ሥራ ያለ ብዙ ወጪ ሊሠራ ይችላል። በሕጉ መሠረት የዖሌ ምስክር ወረቀት ካገኘ 5 ዓመት ያልሞላው ሰው በስልክ ንግግር የገባውን ውል እንደ ደንቡ እስከ 4 ወር ድረስ መሰረዝ ይችላል። ሕጉ የማይሸፍናቸው ነገሮች ስላሉ ግን ከመፈረማችሁ በፊት ውሉን ለሚያነብላችሁ ሰው አሳዩ።

በመጨረሻም፣ ፊልም ትምህርት ቤቱን ከኃላፊነቱ አያወጣውም። በፊልም የሚሰማው የዕለት ተዕለት ንግግር ነው፤ ባግሩት ደግሞ ረጅም ጽሑፍ አንብቦ መረዳትንና መጻፍን ይጠይቃል። ይህን ማስተማር የመምህር ሥራ ነው። በወላጆች ስብሰባ «ልጄ እንግሊዝኛ ስንት ሰዓት ይማራል? ወደ ስንት የሂዶት እየሄደ ነው? ወደ ኋላ ከቀረ ማን ያግዘዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮምፒውተር ለሌላቸው ልጆችም ማትናሱ ማታ ማታ አንድ ክፍል እንዲከፍት አብረን እንጠይቅ። «ፊልም ይይ» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ግን አትቀበሉ።