ቅኝት ከባሕር ማዶ አይላክም

በሚዛን ተፈሪ፣ ዛሬ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን በምትባለው ከተማ፣ ሙዚቃ የሚያቀናብሩ ወጣቶች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት አንድ ጥያቄ አለ። «ወጣ?» ይላል አንዱ። «ገና ነው፤ ዘንድሮ ግን ሳይወጣ አይቀርም» ይላል ሌላው። ዓመት ዓመትን ሲተካ ይህ ጥያቄና መልስ አልተለወጠም። የሚጠበቀው የቡና ዋጋ አይደለም፤ የመንገድ ሥራም አይደለም። የሚጠበቀው በኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ ድምፅ የሚፈጥር የአንድ ሲንተሳይዘር ፕሮግራም አዲስ እትም ነው። ሠሪዎቹ ባሕር ማዶ ናቸው። እትሙ በመዘጋጀት ላይ መሆኑን ካስታወቁ ብዙ ክረምት አልፏል። ይጨመርበታል ከተባለው ነገር አንዱ ተጫዋቹ እያንዳንዱን ድምፅ በሚሻው ልክ የሚቃኝበት ዘዴ ነው፤ የኛን ልብ ያንጠለጠለውም ይኸው ተስፋ ነው። «እሱ ሲመጣ ትዝታን እንደ ክራር እናስጮኸዋለን፤ የአባቶቻችንንም ዜማ በትክክል እንቀዳለን» ስንል ኖረናል።

ይህ ጽሑፍ የሚቃወመው ይህን ጥበቃ ነው። ሠሪዎቹን ግን አይወቅስም። ጥሩ መሣሪያ ጊዜ ይፈጃል፤ በዓለም ዙሪያ ዝናን ያተረፈው ሴረም የተባለው ሲንተሳይዘር በ2014 ወጥቶ ሁለተኛው እትሙ የተለቀቀው በ2025 ነበር፤ ለቀድሞ ገዢዎቹም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተሰጥቷል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሠሪው መዘግየት የሠሪው ጉዳይ ነው። ወቀሳው በጠባቂው ላይ ነው። ከጠባቂዎቹም አንዱ እኔ ስለ ነበርሁ ከራሴ እጀምራለሁ።

በሰፈራችን አንድ አዛውንት ክራር መቺ ነበሩ። በአንድ የባህል በዓል ዝግጅት ላይ ከወጣቶቹ ጋር እንዲጫወቱ ተጋበዙ። ኪቦርዱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ክራሩና ኪቦርዱ አብረው ሲጀምሩ የክራሩ አንድ አውታር ከኪቦርዱ ድምፅ ጋር ተጋጨ። ወጣቶቹ ተሳሳቁ። አዛውንቱም ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ ልኩ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ ይህ ማሽን አይላወስም፤ እርስዎ ትንሽ ከፍ ያድርጉት» አልኋቸው። አንድ ቃል ሳይመልሱ መቃኛውን ጠምዘዝ አድርገው አውታሩን ወደ ኪቦርዱ አስጠጉት። ዝግጅቱም ሰመረ፤ ተጨበጨበልን። በመጨረሻው ላይ «አዲሱ እትም ሲመጣ ክራርዎን በደንብ እንቀዳዋለን» ብለን ቃል ገባንላቸው። እትሙ ሳይመጣ አዛውንቱ ዐረፉ። ክራራቸው ዛሬም በቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አውታሮቹ ግን ላልተዋል። ከላላ አውታር ቅኝት አይነበብም።

ነገሩ ለሙያው ሰዎች ግልጽ ቢሆንም ለሁሉም አንባቢ እንዲገባ ከሥሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ከፋብሪካ የሚወጣው ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ፣ ማለትም አንድ ድምፅ እየቀጠነ ሄዶ ተመልሶ ራሱን እስኪመስል ድረስ ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍለዋል። የሙዚቃ አጥኚዎች ይህንኑ ርቀት ሴንት በተባሉ 1200 ጥቃቅን መለኪያዎች ስለሚለኩት አንዱ የኪቦርድ ደረጃ 100 ሴንት ይሆናል ማለት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግን የኖሩት በክራር አውታርና በማሲንቆ የፈረስ ጭራ ላይ ነው። ክራር መቺው አውታሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ነው፤ መነሻውንም የሚወስደው ከዘፋኙ ጉሮሮ ነው። ስለዚህ አንዱ ድምፅ ከኪቦርዱ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ የተጫዋቹና የአካባቢው ፊርማ ነው። እኔ በዚያ ልምምድ ላይ ያደረግሁት አንድን ሰው ፊርማውን እንዲፍቅ መጠየቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ይነሣል። «ምን ጎደለ? ሕዝቡ በኪቦርድ ሲዘፈንለት ይጨፍር የለም ወይ? ታላላቆቹስ የሠሩት በዚሁ በ12ቱ ደረጃ አይደለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በ1924 አርባ ልጆች የተባሉት አርመናውያን ወጣቶች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ የነሐስ መሣሪያዎች ከዜማችን ጋር ተጋብተው ድንቅ ሥራ ተወልዷል። ኃይሉ መርጊያም በ1985 በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ ያወጣው ካሴት ዛሬም ይደመጣል። ኃይሉ ግን የተሻለ ማሽን እስኪሠራለት አልጠበቀም፤ በእጁ ባለው ሠራ። በጆሮውም ውስጥ የሚጠቅሰው ሌላ ድምፅ ነበረው። የዛሬው ወጣት አቀናባሪ የክራሩን ቅኝት ሳይሰማ ካደገ በኪቦርዱ ልክ መጫወቱ ምርጫ አይሆንም፤ ሌላ ስለማያውቅ ብቻ የሚያደርገው ይሆናል። የምንከራከረው ኪቦርዱ ይወገድ ብለን አይደለም። አንዱ ለሌላው ልክ ፈራጅ አይሁን ነው የምንለው።

እንግዲህ ወደ ጥበቃው እንመለስ። ለመሆኑ የምንጠብቀው በር ተዘግቶ ነበር ወይ? አልተዘጋም። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ሥርዓት ድምፅን ከ12ቱ ደረጃ ውጭ የመቃኛ ደንብ ከተበጀለት 1992 ጀምሮ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሰርጅ የተባለው የኮምፒዩተር ሲንተሳይዘር በ2018 ሠሪው ክላስ ዮሐንሶን የውስጥ ጽሑፉን ለሕዝብ ከከፈተው ወዲህ በበጎ ፈቃደኞች እየተሻሻለ ያለ ክፍያ ይታደላል፤ የቅኝት ሠንጠረዥ ተጽፎ ሲሰጠውም አንብቦ በዚያው ልክ ይጫወታል። ሠንጠረዡ ማንም ፊደል ቆጣሪ በተራ የጽሑፍ መጻፊያ ሊያዘጋጀው የሚችል የቁጥሮች ዝርዝር ነው። በትውልዱ ኢራቃዊ የሆነው ሙዚቀኛ ኻያም አላሚም የዐረብን ዜማ ማሽኖቹ በልኩ አላናግር ቢሉት ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ በ2021 ማንም ሰው ያለ ክፍያ የፈለገውን ቅኝት የሚሞክርባቸውን ፕሮግራሞች ለዓለም አበርክቷል። እሱ የሌሎችን እትም ቆሞ አልጠበቀም።

በሩ ክፍት ከነበረ ያልገባነው ስለ ምን ነው? መልሱ መራራ ነው። ሠንጠረዡ ቁጥር ይጠይቃል፤ እኛ የምንሞላው ቁጥር የለንም። «የትዝታህ ሁለተኛ ድምፅ ስንት ሴንት ላይ ነው? የማን ትዝታ? የየትኛው አገር?» ተብለን ብንጠየቅ የሚዛን ተፈሪ አቀናባሪዎች መልስ አልነበረንም። የምንናፍቀው እትም ነገ ቢመጣ የሚያመጣልን ባዶ ሠንጠረዥ ነው። ይህ ሥራ የማይቻል ሆኖም አይደለም። ሲንቲያ ኪምበርሊን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ስለ ማሲንቆና ስለ ቅኝት ባሕርይ የዶክትሬት ጥናታቸውን ያቀረቡት በ1976 ነበር። ኮምፒዩተር በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን የተጀመረውን ሥራ ዛሬ ስልክ በየኪሳችን ይዘን «መሣሪያ የለንም» ብንል ማን ይሰማናል?

የምንኖርበት አገር በዚህ ረገድ ሊያስተምረን ይገባ ነበር። በኬንያ በ1922 የታየው የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 ወደ አገራችን ሲገባ ገበሬው ፍሬው በዛፉ ላይ እንዳለ ሲጠቁርበት አየ። መድኃኒት መርጨት ተሞክሯል፤ ዘላቂው መፍትሔ የተገኘው ግን ከፋብሪካ አልነበረም። በጅማ የምርምር ጣቢያ የነበሩ ባለሙያዎች በካፋና በኢሉባቦር ጫካዎችና ማሳዎች እየዞሩ በሽታው ያልበገራቸውን እናት ዛፎች ለዩ፤ ቁጥር ሰጡ፤ ፈተኑ፤ አባዙ። 74110፣ 74112፣ 74165 እየተባሉ የሚጠሩት የቡና ዓይነቶች በስማቸው መጀመሪያ ላይ 74ን የተሸከሙት በ1974 ስለ ተመረጡ ነው። ልብ በሉ! ዛፎቹ ድሮም በጫካው ውስጥ ነበሩ። የጎደለው ሄዶ የሚያያቸውና የሚመዘግባቸው ሰው ነበር።

ያልመዘገብነው ደግሞ ምን እንደሚሆን የጌሻ ቡና ይመሰክራል። በ1930ዎቹ ከዚሁ ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ተለቅሞ የወጣው ዘር በኬንያ፣ በታንዛንያና በኮስታ ሪካ አልፎ ፓናማ ደረሰ። በ2004 በፓናማው ውድድር አንደኛ ከወጣ በኋላ የዓለም ነጋዴ በውድ ዋጋ ተሻማበት። ዓለም የጌሻን ስም የሰማው ከፓናማ ነው። የሸኮው፣ የቤንቹ፣ የመዠንግሩ፣ የምኒቱና የካፋው ዜማ ነገ በአንድ የባሕር ማዶ ስቱዲዮ ተለክቶ፣ ታሽጎና ዋጋ ወጥቶለት ቢመለስልን ያን ጊዜ ለማን አቤት እንላለን?

ሌላም የሚያሳፍር ነገር አለ፤ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ከጠባቂዎቹ መካከል ለዚያ ፕሮግራም የከፈልን ጥቂቶች ነን። የውጭ ምንዛሪ ማግኘት ማስቸገሩ እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን የምንሠራው ያለ ፈቃድ በተባዛ ቅጂ ነው። ያልከፈለ ሰው ዘገየብኝ ብሎ ሲያማርር መስማት ያስገርማል። በነፃ በሚታደለው መሥራት ሲቻል የሌላውን ሰው ላብ ሳይከፍሉ መጠቀምና በዚያው ላይ መነጫነጭ ለአርቲስት ክብር አይሆንም።

ከመምህራን ወገን ደግሞ አንድ ሥጋት ይሰማል። «ቅኝት ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በቁጥር ከጻፋችሁት ታደርቁታላችሁ» ይላሉ። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ከአንድ አዋቂ የተወሰደን ልክ «ትክክለኛው ትዝታ ይህ ነው» ብሎ በአዋጅ መልክ ማሰራጨት የፋብሪካውን ጥፋት በራሳችን እጅ መድገም ይሆናል። ስለዚህ አንድ ልክ አይመዝገብ፤ ብዙ ይመዝገብ። እያንዳንዱም ከባለቤቱ ስም፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ይቀመጥ። ያው ሰው ጠዋትና ማታ ሲቃኝ ከተለያየ ሁለቱም ይጻፍ። እንዲህ ከሆነ ቁጥሩ እስር ቤት አይሆንም፤ ልዩነቱ ራሱ ይታወቅበታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥራው ትልቅ በጀት አይጠብቅም። የሙዚቃ መምህሩ ከተማሪዎቹ ጋር ወደ አዛውንቱ ቤት ይሂድ፤ ፈቃድ ጠይቆ፣ ለጊዜያቸውም ተገቢውን ከፍሎ፣ የክራራቸውን አውታሮች በመጀመሪያ አንድ በአንድ፣ ቀጥሎ ከዘፈኑ ጋር በስልኩ ይቅዳ። አቀናባሪው ቅጂውን በኮምፒዩተር ለክቶ ሠንጠረዡን ይጻፍ፤ በነፃው ሲንተሳይዘር ላይ ጭኖ መልሶ ለአዛውንቱ ያሰማ። «የኔ ነው» ካሉ ያጽና፤ «አይደለም» ካሉ ያርም። የባህል ዘርፍ ካድሬውና ኃላፊው ለቡድኑ ሌላ ኪቦርድ ከመግዛቱ በፊት የተቀዳው የሚቀመጥበትን ሣጥንና መዝገብ ያሰናዳ። በሚዛንና በቴፒ ግቢዎች ያሉት የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም መዝገቡን በአደራ ቢይዙት መልካም ነው። የሚቀዳው ደግሞ በአራቱ ቅኝቶች ስም የሚጠራው ብቻ አይሁን። በዚህ አገር በእነዚያ ስሞች የማይጠሩ ዜማዎች ሞልተዋል። በጎረቤታችን በጋምቤላ የአኙዋ ሕዝብ በአውራ ጣት የሚጫወተው ቶም ልኩ የሚወሰነው በልሳኖቹ ርዝመት ነው፤ ማንም ኪቦርድ አልሠራውም፤ ማንም ኪቦርድ ሊዳኘው አይገባም።

አዲሱ እትም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። ሲመጣም ደስ ይለናል፤ እንገዛዋለን። ነገር ግን በዚያን ቀን በእጃችን የተሞላ መዝገብ ካልኖረ አዲሱ መሣሪያ የሚያሰማን ያንኑ አሮጌውን ድምፅ ነው። እኔ ለአንድ አዛውንት «ልኩ የእርስዎ ነው» ማለት የሚገባኝን ሰዓት አሳልፌዋለሁ፤ ያ ሰዓት አይመለስም። በሚዛን፣ በአማን፣ በቴፒና በሸኮ ክራራቸው ገና ያልላላ አዛውንቶች ግን አሉ። ስለዚህ ከእንግዲህ ስንገናኝ «ወጣ?» መባባሉን እንተውና «ዛሬ የማንን ቀዳችሁ?» እንባባል።