የፎቁ ሳሎን ለማን ነው?

«ታች ሳሎን እያለን ፎቁም ላይ ሌላ ሳሎን አለን። የ12 ዓመት ልጄ ግን ከሁለት ወንድሞቿ ጋር አንድ ክፍል ነው የምታድረው። ልብስ የምትቀይረው ሻወር ቤት ገብታ ነው። ባለቤቴ የፎቁ ሳሎን የእንግዳ ነው ብሎ ሙጭጭ ብሏል» ይላል የደረሰን ደብዳቤ።

እንግዳ በወር ስንቴ ነው ፎቅ የሚወጣው? ልጅቷ ግን በየቀኑ ትለብሳለች!

እህቴ፣ ሳሎኑን ለሁለት ይክፈሉት፤ በብሎኬት ግን አይሁን። 4 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ከ80 ከፍታ ያለው ግድግዳ 140 ያህል ብሎኬት ይበላል። ሲሚንቶና አሸዋው ሲጨመርበት፣ ከሥሩ ቢም ከሌለ ለሶሌታው ከባድ ሸክም ነው። ግንበኛው «ችግር የለውም» ይልዎታል (ግንበኛ መቼ ችግር አለው ብሎ ያውቃል?)። ጂፕሰም ቦርድ በጣም ይቀላል፤ መሀሉ ፋይበር ከተጠቀጠቀበት የወንዶቹንም ጫጫታ ይቀንሳል።

ከዚያ በፊት ግን መስኮቱን ይዩ። ሁለት ከሆኑ ግድግዳው በመሀላቸው ይረፍ፤ አንድ ከሆነ ሌላ ሳያስከፍቱ አይጀምሩ። መስኮት የሌለው ክፍል ዕቃ ቤት እንጂ መኝታ ቤት አይባልም። የሁለቱም በር ወደ ኮሪደሩ ይውጣ። ልጅቷ በወንድሞቿ ክፍል አልፋ የምትገባ ከሆነማ ወጪው ምን ፈየደ?

የበሩን ቁልፍ ለእሷ ይስጧት። እንግዳውስ? ታች ሳሎን አለ አይደል እንዴ!