ዝም ያለውን ጎረቤት ማን ይጠይቀው?

«ዘ ፊውጂቲቭ» የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ በተነሣ ቁጥር የሚወገዘው የፖሊስ መኮንኑ ጄራርድ ነው። ሚስቱን ገድሏል ተብሎ ሞት የተፈረደበትን ዶክተር ኪምብልን እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967፣ በ120 ክፍሎች፣ እግር በእግር ያሳደደ ጨካኝ ይባላል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ጄራርድ እውነቱን አያውቅም፤ የሚፈጽመው የፍርድ ቤትን ውሳኔ ነው።

እውነቱን የሚያውቀው ሌላ ነው። በመጨረሻው ክፍል እንደምንረዳው፣ ጎረቤትየው ቻንድለር በግድያው ሌሊት እዚያው ቤት ውስጥ ነበረ። አንድ እጅ ያለው ሰው ሴትዮዋን ሲገድላት በዓይኑ እያየ በፍርሃት ደርቆ ቀረ። ከዚያም የጦር ሜዳ ጀግና የተባለው ሰው ፈሪ ላለመባል ሲል፣ ንጹሕ ሰው ሞት ሲፈረድበት አፉን ዘጋ። ኪምብልን ያተረፈው የባቡር አደጋ እንጂ ምስክር አይደለም!

ድንጋጤውን ይቅር እላለሁ፤ ማንም ይደነግጣል። የዓመታት ዝምታውን ግን በምን ሒሳብ? ድራማው ግን በመጨረሻ ሰዓት እንዲመሰክር ያደርገውና ነገሩን በዚያው ይዘጋዋል። ኪምብልና ጄራርድ ይጨባበጣሉ፤ ተመልካችም እፎይ ይላል።

እኔ እፎይ አላልኩም። በሐሰት የመሰከረ ይቀጣል፤ እያወቀ ዝም ያለስ? አሳዳጁን ከመርገማችን በፊት ከአጥሩ ማዶ ያለውን እንጠይቅ።