የሰባ ዓመት እናት «ሰርፕራይዝ» አትደረግም

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ኪሌሌሽዋና አካባቢዋ በምንኖር ነጋዴዎች ዘንድ አንድ ነገር እየተለመደ መጥቷል። እናት ወይም አባት ሰባ ሊሞላቸው ሲል ልጆች የዋትስአፕ ግሩፕ ይከፍታሉ፣ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ከዚያ ወላጅን ምንም ሳይነግሩ ከአገር ቤት አምጥተው ኬክና ፊኛ ፊት ያቆማሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ለልጆቻችን በየዓመቱ ኬክ እየቆረስን፣ ልደታቸው አንድም ቀን ተከብሮላቸው ለማያውቅ ወላጆች አንድ ጉዞ ብናዘጋጅ አይበዛባቸውም። ጉዞውን እንደግፋለን። የምንቃወመው ምስጢሩን ነው።

እስቲ ነገሩን በእናት ዓይን እንየው። በእኛ ባህል ነገር ከሰው የሚደበቀው መቼ ነው? ልጆች በስልክ ሲንሾካሾኩ ቆይተው እሷ ስትገባ ወሬ ሲያቋርጡ፣ ጎረቤት ዓይኗን ሲሸሽ፣ ዓመት ሙሉ ያልደወለ የአጎት ልጅ በድንገት «ደህና ነሽ?» እያለ ሲመላለስ፣ ሁሉም ባንድ ሳምንት ከሥራው ፈቃድ ሲወስድ እናት የምታስበው ኬክ አይደለም። መርዶ ነው። ሰው ሲሞትብን የምናደርገው ይህንኑ ነዋ፤ ሞቱን ደብቀን፣ «ትንሽ አመም አድርጎታል» ብለን፣ ዘመድ አሰባስበን፣ ሌሊቱ ሊነጋ ሲል እንነግራለን። ውጭ ላለ ሰውማ ሰበብ ፈጥረን አገር ቤት እናስመጣዋለን እንጂ በስልክ አናረዳውም። የሰባ ዓመት ሴት ይህን ሥርዓት ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ ራሷም ማልዳ ተነሥታ የሌላውን በር አንኳኩታለች። ምልክቱን ከእኛ በተሻለ ታነበዋለች።

በዚህ ላይ የእኛን ኑሮ ጨምሩበት። ከመካከላችን ብዙው ቤተሰብ አንዱ ልጅ ናይሮቢ፣ አንዱ ጁባ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ፣ አንዷ ዓረብ አገር ያለበት ነው። የደቡብ አፍሪካ ሱቆች ተዘረፉ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር እናት እንቅልፍ የላትም። እንግዲህ ያንን ልጅ «አትደውልላት፣ አምልጦህ ትነግራታለህ» ብለን ለሁለት ሳምንት ዝም ስናሰኘው፣ ቀጥሎም «ናይሮቢ ትፈለጊያለሽ፣ ለምን እንደሆነ ስትመጪ ታውቂዋለሽ» ስንላት ምን ይሰማታል? ከቦሌ ናይሮቢ ሁለት ሰዓት ያህል በረራ ነው። ያቺ እናት ሁለቱን ሰዓት ልጆቿን ስትቆጥር ነው የምታሳልፈው፤ የትኛው ይሆን እያለች። ጆሞ ኬንያታ አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ ፊኛ ይዘን እልል ስንል ብታለቅስ የደስታ ነው ብለን ቪዲዮ እንቀርጻለን። የደም ግፊት መድኃኒት ለምትውጥ ሴት እንዲህ ያለ ስጦታ ባይመጣ ይሻላል።

እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን «ሰርፕራይዝ ካልሆነ ምን ጣዕም አለው?» ይሉናል። ለእነሱ ልክ ነው፤ ለእነሱ የተደበቀ ነገር ማለት ስጦታ ማለት ነው። ለአያታቸው ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፤ ልደቱም የእሷ ነው።

ደግሞስ ምስጢሩ የት ድረስ ይዘልቃል? ፓስፖርት የሌላት እናት አሻራ ለመስጠት ኢሚግሬሽን በአካል መቅረብ አለባት። «ለጡረታ ነው» ብለው የወሰዱ አሉ፤ ሴትየዋ ግን ማንበብ ትችላለች። ፓስፖርት ያላትም ብትሆን ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ቪዛውን በተመለከተ ቀላል ነው፤ ኢትዮጵያውያን ድሮም ወደ ኬንያ ያለ ቪዛ ነበር የሚገቡት። ኬንያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ቪዛን ለሁሉም አንሥታ በኢንተርኔት የሚሞላ የጉዞ ፈቃድ ስታመጣ ትንሽ ግራ መጋባት ተፈጥሮ ነበር፤ ደንቡ ከዚያም ወዲህ ተነካክቷልና ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዚያን ሳምንት መረጃ ጠይቁ።

ከሁሉ የሚብሰው ቢጫ ካርዱ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚመጣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይፈለጋል። ማስረጃው መሥራት የሚጀምረው ከክትባቱ አሥር ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አንዴ ከተሰጠ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። እኛ ነጋዴዎች ይህን ካርድ እንደ ሱቅ ቁልፍ ስለለመድነው ነገሩን ቀላል እናደርገዋለን። ዕድሜው 60 ያለፈ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ግን ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት የመድረስ ዕድሉ፣ ጥቂት ቢሆንም፣ ከወጣት ይበልጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም በሽታዋንና መድኃኒቷን አይቶ መወሰን አለበት፤ መከተብ አይገባትም ካለም የሚያስረዳ ደብዳቤ ይጽፍላታል። ይህን ሁሉ «እንዲሁ ለምርመራ ነው» እያሉ ማድረግ በእናት ሰውነት ላይ ያለ እሷ ፈቃድ መወሰን ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ከዚያ ደግሞ የራሷ ኑሮ አለ። እናቶቻችን ቁጭ ብለው እኛን የሚጠብቁ ይመስለናል። እድር አላት፤ ሦስት ሳምንት ጠፍታ ለቅሶ ብትቀር ስትመለስ የሚጠብቃት ወቀሳ ነው። የማርያም ማኅበር አላት፣ ምናልባት ተራው የእሷ ነው፤ ጠላው ተጠንስሶ ይሆናል። ዶሮ አላት፣ ተከራይ አላት፣ ቁልፍ የምትሰጠው ጎረቤት መምረጥ አለባት። በድንገት ከቤቷ ማውጣት ማለት ይህን ሁሉ ከምንም አለመቁጠር ነው። እኛ ለአንድ ሳምንት ሱቅ ዘግተን ስንሄድ ለደንበኛ፣ ለዱቤ ባለቤት፣ ለአከራይ እንናገር የለ?

ስለዚህ ጠይቋት። ስትጠየቅ መጀመሪያ «ለምን ገንዘብ ታባክናላችሁ» ትላለች፤ ይህ እምቢታ አይደለም። እንደ ምግብ ግብዣ ነው፣ «በሞቴ» እስኪባል ድረስ ይጠበቃል። ሁለተኛም ሦስተኛም ጠይቁ። ምናልባት ናይሮቢ ሳይሆን ኢየሩሳሌም ትል ይሆናል፤ ምናልባትም «የቤቱን ቆርቆሮ ቀይሩልኝ» ትላለች። ያኔ ቆርቆሮው ይቀየር። የዕድሜ ልክ ድካሟን የምናከብረው እሷ በፈለገችው እንጂ ለእኛ ፎቶ በሚያምረው አይደለም።

በነገራችን ላይ ሰባው የሚሞላው መቼ ነው? ብዙዎቹ እናቶች «ጣሊያን በወጣ በስንተኛው ዓመት» ወይም «በታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ድክ ድክ እል ነበር» ነው የሚሉት። በ1948 ዓ.ም. የተወለደች ሴት ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ በፈረንጅ 1948 ተብሎ ፓስፖርቷ ላይ ከገባ በወረቀት ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለች። ለድግሱ ምንም አይደል፤ ለጉዞ ኢንሹራንስ ግን ዋጋ ያስጨምራል። ስሟም ቲኬቱ ላይ ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው፣ አንድ ፊደል ሳይቀር፣ ይግባ።

ናይሮቢን የምንመርጥበትም ትልቅ ምክንያት አለን። ከእኛ መካከል ወደ አገር ቤት መግባት የማይችሉ አሉ። በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ብዙ አገር ያስገባል፤ የተሰደዱበትን አገር ግን አያስገባም። አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት እናቱን በስልክ ብቻ የሚያይ ሰው በየሕንፃው አለ። ለእሱ የእናቱ ሰባኛ ዓመት ሰበብ ነው፤ ዋናው ነገር እጇን መሳሙ ነው። ድግሱን አዲስ አበባ እናድርገው የሚሉ ወንድሞችና እህቶች ይህን ያስቡ። ዱባይም ለሁሉም ቪዛ የሚያሻ ስለሆነ፣ አንዱ የተከለከለ ቀን ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል።

ቀን መምረጥ ለነጋዴ ከባድ ነው። ዲሴምበር የገና ገበያ ነው፤ ሱቅ የሚዘጋ የለም፣ ቲኬትም ይወደዳል። ኦገስት ልጆቻችን ትምህርት ይዘጋሉ፣ ግን ፍልሰታ ይገባል፤ እናት በጾም መጥታ ምን አበላናት እንላለን? ኤፕሪል ዕረፍት አለ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናትም ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ነገር ግን የናይሮቢ ትልቁ ዝናብ ነው። ከጥምቀት በኋላ ሁዳዴ እስኪገባ ያለው ጊዜ አየሩም ደረቅ፣ ገበያውም ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ለእኛ የተሻለው እሱ ይመስለናል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቢሆኑም ማታ ይደርሳሉ። ሙስሊም ቤተሰቦች ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ስለሚመጣ እሱን አይተው ይቁረጡ።

መንገዱ በአየር ይሁን። ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አስፋልት ከሆነ፣ በ2020 መጨረሻም የሞያሌ የጋራ ኬላ ከተመረቀ ወዲህ «በአውቶቡስ ትምጣ፣ ርካሽ ነው» የሚል አይጠፋም። መንገዱ ለጭነታችን በረከት ነው። ለሰባ ዓመት ጉልበት ግን ከአዲስ አበባ ናይሮቢ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቲኬቱ ሲቆረጥ ዊልቼር አብሮ ይጠየቅ፤ አትፈልግም ብትልም የቦሌ ሰልፍ ላይ ያስፈልጋታል። መድኃኒቷ ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳዋ ይሁን።

ስለ ሻንጣዋ ግን ነጋዴዎችን እንቆጣለን። አንድ ሰው ከአገር ቤት ሲነሣ የሻንጣው ኪሎ የእኛ ይመስለናል፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ «አንድ ካርቶን ብቻ» የሚል ደንበኛ። በሰባኛ ዓመት ጉዞዋ እናታችንን ዕቃ አሻጋሪ አናድርጋት። ኬላ ላይ ስለማታውቀው ካርቶን ስትጠየቅ ማየት የማንፈልግ ከሆነ፣ የምትይዘው ለልጆቿ የምትመርጠውን ብቻ ይሁን። እሱንም በፌስታል እንዳትጠቀልለው ንገሯት። ኬንያ ፌስታልን ከኦገስት 28 ቀን 2017 ጀምሮ አግዳለች፤ ሕጉ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ወይም እስከ አራት ዓመት እስር የሚያደርስ ነው። እናት ያለ ፌስታል ማሸግ እንደማትችል ሁላችን እናውቃለንና ከወዲሁ የጨርቅ ቦርሳ ይላክላት።

መዋጮውም ይታሰብበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አልፏል። በሽልንግ የሚያገኝና በብር የሚያገኝ ወንድም እኩል ይክፈል ማለት አይቻልም። አገር ቤት ያለው እናትን ሐኪም ዘንድ ማመላለሱ፣ አሻራ ቦታ መሰለፉ መዋጮ ነው። ማን ስንት እንዳወጣ በድግሱ ላይ አይነገር፤ ስሌቱ ግሩፑ ውስጥ ይቅር። ለጉዞ ብላችሁም የዕቃ መግዣውን ገንዘብ አትንኩ። ዓመት ቀደም ብሎ ዕቁብ ወይም ቻማ መጀመር የተሻለ ነው።

ከመጣች በኋላስ? ኪሌሌሽዋ ድሮ ግቢ ያላቸው ቤቶች ሰፈር ነበረች፤ አሁን ፎቅ ብቻ ሆናለች። እኛ ጠዋት ኢስሊ ወይም ጊኮምባ ወርደን ማታ እንመለሳለን። ስዋሂሊ የማትችል እናት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ከቴሌቪዥን ጋር ስትውል በአራተኛው ቀን «ቤቴን» ትላለች። ስለዚህ ሱቅ የማይወጣ ሰው በተራ ይመደብ። ጠዋት በ1907 የተቋቋመውን አርቦሬተም በእግሯ ትዙር፤ ጥላው ጥሩ ነው፣ ዝንጀሮዎቹን ብቻ ዳቦ እንዳያዩባት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ፤ እዚያ ከአገሯ ሰው ጋር ስትገናኝ ከእኛ ይልቅ ለእነሱ ብዙ ታወራለች።

«ታዲያ አንድም ሰርፕራይዝ አይኑር?» ለሚሉን አንድ እንተውላችኋለን፦ ባሕሩን። ከደጋ የወጡ አብዛኞቹ እናቶቻችን ባሕር አይተው አያውቁም። ከ2017 ጀምሮ የሞምባሳ ባቡር አለ፤ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል፣ በጻቮ ሲያልፍ በቀይ አፈር የተነከሩ ዝሆኖች በመስኮት ይታያሉ። ጣቢያው ሻንጣ ተደርድሮ በውሻ ስለሚፈተሽ ከሰዓቱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ሞምባሳ ሞቃትና ወባ ያለበት ስለሆነ ስለዚያም ሐኪሟን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ይህን ጉዞ እስከ ዋዜማው ደብቁት፤ ሁሉንም ልጆቿን በዓይኗ ካየች በኋላ ነውና የምትፈራው ነገር የለም። ማታ ላይ ግን ንገሯት፤ ቀለል ያለ ነጠላዋን ለይታ ታስቀምጥ፣ የጠዋት ኪኒኗንም ባቡር ውስጥ እንደምትውጠው ትወቅ።

የመመለሻ ቲኬቷ ደግሞ ቀኑ የሚቀየር ይሁን፤ ወደ ኋላ ለመግፋት ብቻ ሳይሆን ለማቅረብም።