ለመኪናው ሙዚቃ ሦስት ጥያቄ

ልጃችሁ «ስፒከሮቹንም ሰብዉፈሩንም በአንድ አምፕሊፋየር አገናኛለሁ» ቢላችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁት።

አንደኛ፣ አምፕሊፋየሩ ስንት ቻናል አለው? ባለ 4 ቻናል ከሆነ ይበቃል። ሁለቱ ቻናሎች የፊት ስፒከሮችን ይይዛሉ፤ የቀሩት ሁለቱ ተጣምረው ሰብዉፈሩን ያንቀሳቅሳሉ። ቻናሎቹ ሲጣመሩ ግን ብዙ አምፕሊፋየሮች ከ4 ኦም በታች የሆነ ሰብዉፈር አይችሉም፤ ይግላሉ፣ ሊቃጠሉም ይችላሉ። ስለዚህ መመሪያውን ያንብብ።

ሁለተኛ፣ ፊውዙ የት ነው? ከባትሪው የሚነሳው ወፍራም ሽቦ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። ሽቦው መንገድ ላይ ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ እሳት ሊነሳ ይችላል፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ፊውዝ ከዚህ አያድንም።

ሦስተኛ፣ ከኋላ ማን ይቀመጣል? ይህ የእኔ የሙያ ጥያቄ ነው። ሰብዉፈር ብዙ ጊዜ የሚገጠመው ከኋላ፣ ከሕፃናቱ ጀርባ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ህዋሳት ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለአዋቂ ሠራተኛ የሚመክረው ልክ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል።

መለኪያ ባይኖራችሁም፣ አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለጋችሁ በዝቷል። ከመኪናው ወርዳችሁም ጆሯችሁ ከጮኸ በዝቶ ነበር። ሕፃን ግን «ቀንሱልኝ» አይልም፤ እናንተ በሉለት።

ሦስቱንም በደንብ ከመለሰላችሁ፣ መርቁት።