የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው



«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላል ያገራችን ሰው። በሕይወት ሳለ ማንም ልብ ያላለው ልጅ ከሞተ በኋላ መልኩም፣ ጠባዩም፣ ቁመቱም ይጨምራል። ይህ ተረት የተነገረው ለለቅሶ ቤት ብቻ አይመስለንም። እኛ ኢትዮጵያውያን ለሙዚቃ ሰዎቻችን የምናደርገውን ሁሉ በአምስት ቃል ጠቅልሎ ይዞታል።

ኤልያስ መልካ ያረፈው በመስከረም 2012 ዓ.ም. ነው። ገና በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረ። ያን ጊዜ ከመካከላችን ብዙዎቹ የከፍተኛ ትምህርት በር ያላዩ ልጆች ነበሩ፤ ሆኖም ድምፃውያኑና ሙዚቀኞቹ ሲያለቅሱ ማየታችንን አልረሳንም። ያለ ምክንያትም አላለቀሱም። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረው፣ በጊታርም የተካነው ይህ ሰው የግጥምና የዜማ ደራሲ፣ አቀናባሪም ነበረ። የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ»፣ የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም፣ የሚካያ በኃይሉን «ሸማመተው»፣ የኢዮብ መኰንንን «እንደ ቃል» የሰማ ሁሉ ኤልያስን ሰምቶአል። የኤልያስን ስም ግን ሰምቶአልን? ጥያቄያችን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በቅርቡ አንድ ማታ እዚህ ዲላ፣ በአንዱ የመኝታ ክፍላችን ውስጥ ኤልያስን ልናስታውስ ተሰብስበን ነበር። ቡና ተፈላ፤ ሻማ በራ። አንዱ ጓደኛችን ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ሰካና ዘፈኖቹ ተራ በተራ ይሰሙ ጀመር። አንገታችንን ደፍተን አዳመጥን፤ «እንዲህ ያለ ሰው ዳግመኛ አይወለድም» አልን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዲት እኅት፣ «ለመሆኑ ዛሬ ከሰማናቸው ዘፈኖች ላንዱ እንኳ የከፈለ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ሁሉም ዝም አለ። «እሺ፤ የዚህ ዘፈን ግጥም የማን ነው? ዜማውስ?» አለች። ዘፋኙን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ደራሲውን ያወቀ ግን አልተገኘም። ሻማው ሳያልቅ አፍረን ተበተንን።

ይህን ጽሑፍ የወለደው ያ ኀፍረት ነው። ወቀሳችንም ከራሳችን ይጀምራል።

ኤልያስ በሕይወት ሳለ ምን ይል ነበር? የሙዚቃ ሰው የድካሙን ዋጋ ያግኝ ይል ነበር። በቃሉ ብቻም አልቀረም። በ2011 ዓ.ም. ከኃይሌ ሩትስ፣ ከጆኒ ራጋና ከዳዊት ንጉሡ ጋር ሆኖ «አውታር» የተባለ፣ ሰው በስልኩ ዘፈን እየገዛ የሚያወርድበት መተግበሪያ አቋቋመ። አሳቡ ቀላል ነበር፤ አድማጩ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል፣ ክፍያውም ሥራው ለሚገባቸው ይደርሳል። መተግበሪያው ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ ኤልያስ አረፈ። እንግዲህ ጓደኞች፣ አንድ ሰው ሲኖር «ክፈሉ» ብሎ ሲለምን ጆሮ የነፈገ፣ ሲሞት ደግሞ «ወዮ» ብሎ የጮኸ አድማጭ ኀዘኑ ምን ያህል ይመዝናል?

ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። አንድ ዘፈን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ግጥሙን የሚጽፍ አለ፤ ዜማውን የሚያወጣ አለ፤ መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚገቡና እንደሚወጡ የሚወስን አቀናባሪ አለ፤ የሚጫወቱ አሉ፤ በመጨረሻ የሚዘፍነው ይመጣል። ዘፈኑ በነፃ ሲገለበጥ ሁሉም ይጎዳሉ፤ ጉዳታቸው ግን እኩል አይደለም። ዘፋኙ መድረክ አለው፤ ሠርግ አለው፤ የውጭ አገር ጉዞ አለው። ቅጂው ባይሸጥለትም በአካሉ ቀርቦ የሚበላውን አያጣም። ደራሲውና አቀናባሪው ግን ስቱዲዮ ውስጥ ተዘግተው ሌሊቱን የሚያነጉ ናቸው። ለሥራቸው አንድ ጊዜ ዋጋ ተነጋግረው ከተቀበሉ በኋላ ዘፈኑ 20 ዓመት ቢዘፈን የሚከተላቸው ነገር የለም፤ የሚከተላቸው ቢኖር ከቅጂው ሽያጭና ዘፈኑን ለንግድ ከሚያሰሙት የሚሰበሰበው ብቻ ነበር። ያን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ ያደረቅነው እኛ ነን። እንግዲህ አብልጠን የበደልነው አብልጠን ያለቀስንለትን ሰው ነው።

«ሕግ የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ሕግስ አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ስለ ድርሰትና ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። ከዚያም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ፤ ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት የሥራው ጥቅም የርሱ ነው አለ። አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበራት አማካይነት እንዲሰበሰብ መንገዱን ከፈተ። በወረቀት ላይ የጎደለን ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን የማይከፍል ሕዝብ ያለበት ሕግ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ፖሊስ በየመኝታ ክፍሉ ገብቶ ፍላሽ አይፈትሽም፤ እንዲፈትሽም አንሻም። የምንሻው ፖሊስ ሳያስፈልገው የሚከፍል ሰው ነው።

ይህ በደል የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሮክ ሙዚቃ አባት ከሚባሉት አንዱ፣ ጥቁሩ አሜሪካዊ ጊታረኛና የዘፈን ደራሲ ቸክ ቤሪ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 በ90 ዓመቱ ሲሞት የዓለም ሙዚቀኞች ሁሉ አለቀሱ። ከርሱ ጊታር ያልተማረ የሮክ ተጫዋች የለም ተባለ። ልክ ነው። ነገር ግን ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1955 «ሜይቤሊን» የተባለውን ዘፈኑን ሲያወጣ፣ አንድ መስመር ያልጻፉ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ስመ ጥር የራዲዮ አቅራቢ፣ በደራሲነት ስማቸው አብሮ ተመዘገበ፤ ገቢውንም ተካፈሉት። ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ በስሙ የተመለሰለት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 «ሰርፊን ዩ.ኤስ.ኤ.» ተብሎ የወጣው ዝነኛ ዘፈንም ዜማው የርሱ ነበር፤ በመጀመሪያ ሲወጣ ግን ስሙ አልተጻፈም። እርሱ በዕድሜ ጸጋ ዘፈኑ ሲመለስለት ለማየት በቃ። በአርባዎቹ የሚሞት የኛ ሰው ግን 31 ዓመት የሚጠብቅበት ጊዜ ከየት ያመጣል?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ የምንማረው በጌዴኦ ምድር ነው። ከመስኮታችን ውጭ ቡናና እንሰት በአንድ ጥላ ሥር አብረው ይበቅላሉ። ይህን የመሰለው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ታዲያ በዚህ ምድር የላብ ዋጋ ምን እንደ ሆነ ማንም ሊያስተምረን አይገባም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የጌዴኦ ገበሬ በባለርስቶች ላይ የተነሣው የቡናው ፍሬ ከእጁ እየወጣ ለሌላ ስለ ሄደ አይደለምን? በ1997 ዓ.ም. አገራችን «ይርጋ ጨፌ»፣ «ሲዳሞ»ና «ሐረር» የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ ስታመለክት የተነሣው ክርክርስ? የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስም እሺ አላለም ነበር። ብዙ ጩኸት ከተሰማ በኋላ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ያን ጊዜ የአገራችን ሰው ምን አለ? «ስሙ የኛ ነው፤ በስማችን የሚያተርፍ ሁሉ ባለቤቱን ይወቅ» አለ። ትክክል አለ!

እንግዲያው በይርጋ ጨፌ ስም ላይ የያዝነውን ሚዛን በኤልያስ ዜማ ላይ ስለ ምን እንጥለዋለን? ቡናውን ያለ ዋጋ የሚወስድ ቀማኛ ከሆነ፣ ዘፈኑን ያለ ዋጋ የሚወስድ ምን ሊባል ነው? ትልቁ ኩባንያ ሲያደርገው ግፍ፣ እኛ ስናደርገው ጨዋታ የሚሆንበት ሎጂክ በየትኛው ክፍል እንደሚሰጥ መምህራኖቻችን ይንገሩን።

መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ አስቀድመን እንስማው።

«ተማሪ ድኻ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ ድኾች ነን። ነገር ግን ያው ድኻ ተማሪ ለስልኩ የኢንተርኔት ጥቅል ይገዛል፤ ቅዳሜ በባጃጅ ተሳፍሮ ከተማ ወርዶ ማኪያቶ ይጠጣል። ባጃጁን «ድኻ ነኝና በነፃ አድርሰኝ» አይለውም፤ ባለ ባጃጁም ድኻ እንደ ሆነ ያውቃልና። ደራሲውስ ሀብታም ነው ያለን ማነው? በስቱዲዮ የሚያነጋው ወጣት በአብዛኛው የኛው ቢጤ ነው።

«ዜማ የሕዝብ ነው፤ ቅኝቱም ከአባቶች የተወረሰ ነው» ይላሉ። ቅኝቱስ የሕዝብ ነው። ፊደሉም የሕዝብ ነው። ነገር ግን በሕዝብ ፊደል የተጻፈ መጽሐፍ ደራሲ የለውም እንላለንን? ትዝታን ማንም ሊዘጋበት አይችልም፤ በትዝታ ላይ ተቀምጦ ያልነበረ ዘፈን የወለደ ሰው ግን የወለደው የርሱ ነው።

«መገልበጡ ለዘፋኙ ማስታወቂያ ነው» ይላሉ። ለዘፋኙ ይሁን፤ መድረክ ሊጠራ ይችላል። ስሙ እንኳ ለማይታወቅ አቀናባሪ ግን የማን ማስታወቂያ ነው?

ከሁሉ የተሻለ መልስ የሚሰጡን የሕግ ተማሪዎች ናቸው፤ «አዋጁ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ይፈቅዳል» ይሉናል። ልክ ናችሁ፤ አንድ ቅጂ፣ ለግል። በአንድ ማታ ከአንድ ፍላሽ ወደ 40 ስልክ የሚያልፈው ግን አንድም አይደለም፤ የግልም አይደለም።

አንድ ነገር ይቀረናል፤ እርሱም ሩቅ ያለውን አልቅሰን ቅርብ ያለውን መርሳታችን ነው። በደራሮ በዓል የሚዘፍኑትን የጌዴኦ አባቶችና እናቶች በስልካችን የቀረጸን ስንቶቻችን ነን? በጌዴኡፋ የሚዘፍን ወጣት ሥራውን ይዞ ሲመጣስ ስሙን ጠይቀናልን? «ባህላዊ ዘፈን» ብለን እንለጥፈዋለን፤ ዘፋኙም፣ ቀበሌውም ሳይጻፍ ይቀራል። ከ50 ዓመት በኋላ ተመራማሪ መጥቶ «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ቢል መልስ የለንም። ያኔ የሚለቀስለት ሰው ስሙ እንኳ አይኖርም። የኤልያስ ዕድል ከዚህ ይሻላል፤ እርሱስ ቢያንስ በስሙ ተለቅሶለታል።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን በሚቀጥለው ስብሰባው እነዚህን አራት ነገሮች እንዲወስን እንጠይቃለን።

1ኛ፤ በማኅበሩ ዝግጅት ሁሉ አንድ ዘፈን ከመሰማቱ በፊት የግጥሙ ደራሲ፣ የዜማው ደራሲና የአቀናባሪው ስም ይነበብ። ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

2ኛ፤ ማኅበሩ በዝግጅቶቹ የሚያሰማቸው ዘፈኖች በገንዘብ የተገዙ ብቻ ይሁኑ። ለድንኳንና ለድምፅ ማጉያ ኪራይ የምንከፍል ሰዎች ለዘፈኑ አንከፍልም ማለት ያሳፍራል።

3ኛ፤ ከእያንዳንዳችን በወር የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ለሙዚቃ መግዣ ይመደብ። ማንም አይቈጣጠረንም፤ ተቈጣጣሪው ኅሊናችን ነው።

4ኛ፤ የጌዴኦን ዘፈን የሚቀርጽ ተማሪ ሁሉ የዘፋኙን ስም፣ ቀበሌውንና ቀኑን ይጻፍ፤ ፈቃዱን ይጠይቅ፤ ለጥናት ጊዜያቸውን ለሚሰጡ አዛውንቶችም አበል ይታሰብ። በዚህ ረገድ መምህራኖቻችን ቀዳሚ እንዲሆኑ እንማፀናለን፤ ተማሪው የሚያየው የነርሱን እጅ ነውና።

ይህ ሁሉ ኤልያስን አያስነሣም። ኢዮብ መኰንንን በ2005 ዓ.ም. ቀብረን፣ ሚካያንም ቀብረን፣ ሥራቸውን የሠራላቸውንም ቀበርን፤ በእያንዳንዱም ቀን እንባችን እውነተኛ ነበር። እንባ ርካሽ ነው አንልም። ነገር ግን እንባ ደመወዝ አይሆንም።

ያቺ እኅታችን የጠየቀችው ጥያቄ አሁንም መልስ ይጠብቃል፤ የከፈለ ማነው? በሚመጣው መስከረም ሻማ ስናበራ ቢያንስ ጥቂቶቻችን እጃችንን ለማውጣት እንብቃ።